ተጋላጭ ሕፃናትና የሚቆሙላቸው ጠበቆች፦ ሁለቱ የሕግ ጥበቃዎች የሚገናኙበት ቦታ

ሕፃናትን ከጥቃት፣ ከጉልበት ብዝበዛና ከእንግልት ለመጠበቅ በአገራችን የወጡ ሕጎች ጥቂት አይደሉም። ጠበቆች ሙያቸውን ያለ ፍርሃትና ያለ አግባብ ጣልቃ ገብነት እንዲያከናውኑ የሚያግዙ ድንጋጌዎችም አሉ። ሁለቱ የሕግ ዘርፎች ግን በአብዛኛው የሚነገሩት በተናጠል ነው፤ የመጀመሪያው በማኅበራዊ ጉዳይ መድረኮች፣ ሁለተኛው በፈቃድ አሰጣጥ ስብሰባዎች። በተግባር ሲታይ ግን አንድ ሕፃን የተጻፈለትን መብት በራሱ አንደበት ፍርድ ቤት ቆሞ ለመጠየቅ አይችልም። ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው በዛቻ የሚሸማቀቅ፣ ከደንበኛው ጋር በነፃነት እንዳይነጋገር የሚከለከል ወይም በጥቅም የሚደለል ከሆነ የሕፃኑ መብት ከነጋሪት ጋዜጣው ገጽ አያልፍም። ይህ ጽሑፍ ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎች፣ ለመምህራን፣ ለፖሊስ አባላትና ለራሳቸው ለሕግ ባለሙያዎች ሁለቱ ጥበቃዎች የት ላይ እንደሚገናኙ ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕድሜ

በሕፃናት ጉዳይ ከሌላው ጥያቄ ሁሉ በፊት የሚነሣው የዕድሜ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992ም በአንቀጽ 215 አካለ መጠን ያላደረሰ ሰው 18 ዓመት ያልሞላው መሆኑን ይደነግጋል። የጋብቻ ዕድሜ እንዲሁ 18 ዓመት ሲሆን፣ በከባድ ምክንያት የፍትሕ ሚኒስትሩ ሊፈቅድ የሚችለው ቅናሽ ከሁለት ዓመት አይበልጥም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም በሌሊትና በበዓላት ቀን ሊሠሩ አይችሉም።

የወንጀል ሕጉ ዕድሜን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ይመለከታል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት አጥፊ ለአዋቂዎች የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ እስረኞች ጋርም አይታሰርም። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ የሚዳኝ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውንና የመታረም ተስፋውን አይቶ ቅጣቱን ለማቅለል ወይም ለወጣቶች የተመደቡትን እርምጃዎች ለመጠቀም ይችላል። የሞት ቅጣት ወንጀሉ ሲፈጸም 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ አይወሰንም። በዚህ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ልጆች ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጉ መሆናቸውን መግለጽ ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ ስምምነት ሕፃናት ይላቸዋል፤ ለወጣት አጥፊዎች የተዘጋጀው ልዩ ሥነ ሥርዓት ግን በ15 ዓመት ላይ ያቆማል። የ16 ዓመት ልጅ በተጨናነቀ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ከአዋቂዎች ተርታ ሲቆም፣ ሕፃን መሆኑን ለዳኛው የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃው ብቻ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ዋጋ የሚኖራቸው ዕድሜው ሲረጋገጥ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ቢያዝም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ እጅግ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። እናት ስትጠየቅ «በሚሌኒየሙ ማግሥት፣ መኸር ሲሰበሰብ ነው የወለድኩት» ትላለች፤ ይህ ለቤተሰብ በቂ ነው፣ ለመዝገብ ግን አይበቃም። በዚህ ጊዜ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽና የጎረቤት ምስክርነት እንደ ማስረጃ ይሰባሰባሉ። እነዚህ ሲጠፉ ወደ ሐኪም ይኬዳል። የአጥንት ምርመራ ግን የሚሰጠው ግምትን እንጂ የልደት ቀንን አይደለም፤ ውጤቱ «ከ17 እስከ 19» ተብሎ ሲመጣ አንዱ ጫፍ ልጅ፣ ሌላው ጫፍ አዋቂ ያደርገዋል። የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 24 ጥርጣሬው ለልጁ ጥቅም እንዲተረጎም አሳስቧል። ይህን በችሎት የሚያነሣ ሰው ከሌለ ግን የሐኪሙ ግምት የላይኛው ጫፍ በዝምታ ይጸድቃል፤ ልጁም በአንዲት መስመር አዋቂ ይሆናል።

ዕድሜ ሁልጊዜ የሚሰወረው በማጣት ብቻ አይደለም፤ ሆን ተብሎም ይቀየራል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚላኩ ታዳጊ ልጃገረዶች በደላላ ምክር ዕድሜያቸው ከፍ ተደርጎ ሰነድ ይወጣላቸዋል። በኋላ በደል ደርሶባቸው ሲመለሱ በእጃቸው ያለው ወረቀት ራሱ ይመሰክርባቸዋል። በሰው መነገድን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሥር የልጅ ፈቃድ ለአዘዋዋሪው መከላከያ አይሆንም፤ ነገር ግን ዐቃቤ ሕግም ሆነ የልጅቱ ጠበቃ በመጀመሪያ ልጅ እንደነበረች ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

ሕገ መንግሥቱ የሚለው

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ለሕፃናት የተሰጠ ነው። በሕይወት መኖር፣ ስምና ዜግነት ማግኘት፣ ወላጆችን ወይም ሕጋዊ አሳዳጊዎችን ማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ ማግኘት፣ ከጉልበት ብዝበዛ መጠበቅ፣ በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆን በዚሁ አንቀጽ ተዘርዝረዋል። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው። ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት የመንግሥት ልዩ ጥበቃ ይገባቸዋል። እዚህ ላይ በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1070 ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ መቅረቱን ልብ ይሏል፤ ከዚያ ወዲህ ለእነዚህ ልጆች መፍትሔ የሚፈለገው በአገር ውስጥ ነው።

የአንቀጹ ልብ ግን ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ፣ ወሳኙ ፍርድ ቤትም ይሁን አስተዳደር፣ መንግሥታዊም ይሁን የግል የበጎ አድራጎት ተቋም፣ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት። ይህ ድንጋጌ ለረዥም ጊዜ በጥቅል መርሕነቱ ሲጠቀስ ቢኖርም፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የሚሠራ መሣሪያ አድርጎታል። ክርክሩ ሕፃኑን ባሳደገች አክስትና በወላጅ አባቱ መካከል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ቃል ተከትለው አባት በሕይወት እስካለ ድረስ ሞግዚትነት የእርሱ ነው ብለዋል። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን ሕጉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) እና በሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ብርሃን መነበብ እንዳለበት ገልጾ ውሳኔውን ለውጧል። በሰበር የተሰጠ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ከዚያ በኋላ በማናቸውም የሕፃን ጉዳይ ጠበቃው «ሕጉ ለማን ይሰጣል?» ብቻ ሳይሆን «ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው?» ብሎ የመከራከሪያ መሠረት አግኝቷል። ይህ ክርክር በአራት የፍርድ ቤት እርከኖች ባይገፋ ኖሮ የአንድ ወረዳ ችሎት ውሳኔ ሆኖ ይቀር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ጥቃት የደረሰበት ሕፃን

የወንጀል ሕጉ በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት ከባድ ቅጣት አስቀምጧል። ተበዳዩ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ያለዕድሜ ጋብቻን የሚፈጽም ሰው ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በኋላ ቢያገባትም ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጋብቻው ጠላፊውን ከክስ ነፃ ያወጣው እንደነበር ለሚያስታውሱ ሰዎች ይህ ለውጥ ትንሽ አይደለም።

ሽምግልና በአገራችን የከበረ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ደም አድርቋል፣ ብዙ ትዳር አቃንቷል። በሕፃን ላይ የተፈጸመ የወሲብ ጥቃት ግን ለሽምግልና የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ባለመሆኑ፣ የልጅቱ አባት ካሣ ተቀብሎ ቢታረቅም፣ እናት «ትቼዋለሁ» ብላ ብትፈርምም የዐቃቤ ሕግ ክስ በዚያ አይቋረጥም። በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። እርቁ በቀጥታ ክሱን ባያስቀርም ምስክሮቹን ዝም ያሰኛል፤ ልጅቱ ወደ ዘመድ ቤት ትላካለች፣ ጎረቤት «አላየሁም» ይላል፣ መዝገቡም በማስረጃ እጦት ይዘጋል። ይህን ሂደት በጊዜ ለይቶ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ የሚያሳውቅ፣ ልጅቱ ያለችበትን አስፈልጎ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ጠበቃ ወይም የሕግ ድጋፍ ሰጪ በአካባቢው ዘንድ የሚወደድ አይሆንም። በስልክ የሚደርሰው ዛቻ፣ በመንገድ የሚደርሰው ስድብ፣ «የሰው ትዳር አፍራሽ» የሚለው ስም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በችሎት የልጁን ጉዳት ለመቀነስ የተጀመሩ አሠራሮች አሉ። በአዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከቱ ችሎቶች ሕፃኑ ከተከሳሹ ፊት ሳይቀመጥ በተለየ ክፍል ሆኖ በቪዲዮ መሥመር እንዲመሰክር ያደርጋሉ። ከሕፃኑ ጋር የሚቀመጠው የሠለጠነ ባለሙያ ከዳኛው፣ ከዐቃቤ ሕጉና ከተከላካይ ጠበቃው የሚመጣውን ጥያቄ ልጁ በሚገባው ቃል ለውጦ ያቀርባል። ተከላካይ ጠበቃው የመስቀለኛ ጥያቄ መብቱን አያጣም፤ ያጣው ልጁን የማስፈራራት ዕድል ነው። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ማንነትን እስከ መሰወር የሚደርሱ እርምጃዎችን ይፈቅዳል። እነዚህ አሠራሮች ከትላልቅ ከተሞች ውጭ በእኩል አለመዳረሳቸው የታወቀ ነው። ቪዲዮ በሌለበት ወረዳ ግን ዳኛው ችሎቱን በዝግ ማድረግ፣ ልጁ ጀርባውን ለተከሳሹ ሰጥቶ እንዲቀመጥ መፍቀድ፣ ካባ ሳይለብስ በጠረጴዛ ዙሪያ ማነጋገር ይችላል፤ ይህ በጀት አይጠይቅም።

በወንጀል የተጠረጠረ ሕፃን

ብዙ አንባቢዎች ተጋላጭ ሕፃን ሲባል የሚታያቸው የተበደለው ነው። በኪስ አውላቂነት የተያዘው የ12 ዓመት የጎዳና ልጅም ተጋላጭ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ ያነሰ ተከራካሪ ያለው እርሱ ነው።

ለረዥም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ረገድ ከሚጠበቀው በላይ ርኅሩኅ ነው። በአንቀጽ 172 መሠረት ወጣት አጥፊ እንደተያዘ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ፣ እነዚህ ከሌሉ ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው ይሰጣል። ፍርድ ቤቱ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ሆኖ የሚቀርብለት ሰው ሲታጣ፣ ወይም የተከሰሰበት ወንጀል ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ በአንቀጽ 174 ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል። ነገሩ የሚሰማው በአንቀጽ 176 እንደተመለከተው በዳኛው ጽሕፈት ቤት፣ ከተለመደው የችሎት ሥርዓት ውጭ ነው። በጥፋተኛነት ከተወሰነበትም የሚጠብቀው ወህኒ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት መቆየት፣ በሰው ጥበቃ ሥር ሆኖ መታረም፣ ወይም በጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ነው።

ችግሩ ያለው ከሕጉ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ባለው ርቀት ላይ ነው። የጠባይ ማረሚያ ተቋም በአገሪቱ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ለረዥም ዓመታት ስሙ ሲጠራ የኖረው በአዲስ አበባ ያለው ነው። ተቋም በሌለበት ቦታ ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ያድራል። ወላጁ ሩቅ አገር ያለ የጎዳና ልጅ «ታማኝ ሰው» ስለማያገኝ ሕጉ የከለከለው እስር በልማድ ይፈጸምበታል። በመሆኑም የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 ነፃነቱን ያጣ ሕፃን ሁሉ የሕግ ድጋፍ በፍጥነት እንዲያገኝ ያስገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደርስ ጠበቃ ብዙ የሕግ ክርክር አያስፈልገውም፤ ዕድሜውን ያስመዘግባል፣ አክስቱን በስልክ ይፈልጋል፣ ልጁ ያልገባውን የእምነት ቃል ሳይፈርም ያስቆማል። ከሦስት ወር በኋላ የሚደርስ ጠበቃ ግን የተፈረመውን ቃል ለማፍረስ ይታገላል።

ጠበቃው ከየት ይመጣል፣ ለማንስ ይቆማል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፣ የመክፈል አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ ደግሞ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። በፌዴራል ደረጃ ይህን ኃላፊነት ሲወጣ የቆየው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተደራጀው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚህ ሌላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ ግዴታ ጥሏል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። በፍትሐ ብሔር በኩል፣ መብታቸውን በራሳቸው ለማስከበር የማይችሉ ሴቶችንና ሕፃናትን ዐቃቤ ሕግ ወክሎ የሚከራከርበት አሠራር አለ።

ሕፃንን መወከል አዋቂን ከመወከል ይለያል። አዋቂ ደንበኛ ራሱ ውል ይፈርማል፣ ራሱ ይከፍላል፣ ራሱ ይወስናል። ለሕፃን ውሉን የሚፈርመው ሞግዚቱ፣ የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ዘመድ ሊሆን ይችላል። እንጀራ አባት በተጠረጠረበት ጉዳይ እናት ለልጅዋ ጠበቃ አቁማ፣ ከሁለት ወር በኋላ የቤቱ አስተዳዳሪ መታሰሩ ሲከብዳት ጠበቃውን «ነገሩን ተወው» ብትለው ምን ያደርጋል? ገንዘቡ ከእርስዋ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ግን ልጅቱ ናት። ሞግዚቱና ሕፃኑ የጥቅም ግጭት ውስጥ ሲገቡ ጠበቃው ሁኔታውን ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ለዚያ ጉዳይ ሌላ ሞግዚት እንዲሾም መጠየቅ እንጂ ዝም ብሎ መዝገቡን መመለስ አይገባውም። ልጁም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሐሳቡ ሊሰማ ይገባል፤ የስምምነቱ አንቀጽ 12 የሚለው ይህንኑ ነው። «ልጅ ምን ያውቃል» የሚለው አባባል በፍርድ ቤት ቦታ የለውም።

ጠበቃውን መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

የጠበቆች ጥበቃ ሲነሣ «ለባለሙያ የተለየ መብት መስጠት ነው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ጥበቃው ግን የተፈለገው ለደንበኛው ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የተካሄደው ስምንተኛው የተባበሩት መንግሥታት የወንጀል መከላከል ጉባኤ ያጸደቃቸው የጠበቆችን ሚና የሚመለከቱ መሠረታዊ መርሖዎች በዚህ ረገድ የዓለም መመዘኛ ሆነው ቆይተዋል። መንግሥታት ጠበቆች ያለ ማስፈራራት፣ ያለ እንግልትና ያለ አግባብ ጣልቃ ገብነት እንዲሠሩ ማድረግ አለባቸው፤ ደኅንነታቸው በሥራቸው ምክንያት አደጋ ላይ ሲወድቅ የመጠበቅ ግዴታም አለባቸው። ጠበቃ በቅን ልቡና በችሎት ለተናገረው ወይም በጽሑፍ ላቀረበው ክርክር በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል አይጠየቅም። ከደንበኛው ጋር የሚያደርገው ንግግር ጠባቂ ሊያየው ቢችልም ሊሰማው አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ በሕፃናት ጉዳይ ጎልቶ የሚፈተነው ጠበቃ ከደንበኛው ጋር አንድ ተደርጎ አይቆጠርም የሚለው መርሕ ነው። የሕፃን ደፋሪ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ «አንተም ከእርሱ አትሻልም» ይባላል። የሕዝቡ ቁጣ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ተከላካይ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ በይግባኝ ሲፈርስ፣ ሕፃኑ ያንኑ መራራ ታሪክ እንደገና ለመናገር ይጠራል። በተጨማሪም ተከሳሹ ራሱ የ16 ዓመት ልጅ የሆነባቸው መዝገቦች አሉ። ለተበዳዩ ልጅ ሲቆም የተመሰገነ ጠበቃ ለተከሳሹ ልጅ ሲቆም ሊወገዝ አይገባም።

በአገራችን ሕግ ጥበቃው በአንድ ቦታ ተጠቃሎ አይገኝም። የታሰረ ሰው ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ሠፍሯል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61ም የተያዘ ሰው ጠበቃውን ወዲያውኑ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። የደብዳቤና የሰነድ አለመደፈር በአንቀጽ 26 ተጠብቋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ጠበቃ ይቀጣል፤ ይህ በጠበቃው ላይ የተጣለ ግዴታ ቢመስልም ለእርሱም ጋሻ ነው፣ «ንገረን» ለሚለው ሁሉ «ሕጉ ይከለክለኛል» ብሎ ይመልስበታል። ለጠበቃው የነገረችው ቃል በማግሥቱ በሠፈር ሲወራ የሰማች ልጅ ሁለተኛ አትናገርምና በሕፃናት ጉዳይ ምስጢር የማስረጃም ጉዳይ ነው። ሰውን በዛቻ ማስፈራራት በአንቀጽ 580 ወንጀል ነው፤ የተዛተበት ሰው ጠበቃ መሆኑ ነገሩን ተራ የሥራ ጠባይ አያደርገውም፣ ፖሊስ ቃሉን ተቀብሎ መመርመር አለበት።

የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 199 በኋላ የሙያውን አወቃቀር ለውጧል። ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቁሟል። ሕፃናትን ለሚወክል ጠበቃ የመጀመሪያው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ብቻውን በአንድ ክፍል ቢሮ የሚሠራ ሰው ሲዛትበት መዝገቡን የሚረከበው ባልደረባ የለውም፣ በድርጅት የሚሠራ ግን አለው። ማኅበሩ ደግሞ ለአባሉ በስሙ የሚናገርለት አካል ነው። በአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ለፊርማ የቀረበው የጥብቅና ሙያ ጥበቃ ስምምነት የሙያ ማኅበራትን ነፃነት ከዋና ምሰሶዎቹ አንዱ ማድረጉ በዚህ ላይ ያለው ሐሳብ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያመለክታል።

ጥበቃው ከተጠያቂነት ማምለጫ አይደለም። ሕፃን ምስክርን ያልሆነ ቃል የሚያስጠና፣ የተበዳይዋን ልጅ ስምና ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ የሚለጥፍ፣ በተከሳሽ ቤተሰብና በተበዳይ ቤተሰብ መካከል ገንዘብ የሚያቀባብል ጠበቃ በዲሲፕሊን፣ እንደ ጥፋቱም በወንጀል ይጠየቃል። ሆኖም የዲሲፕሊን ክሱ ራሱ መደመጥንና መከራከርን የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ ፈቃድን በማገድ ሥጋት ጠበቃን ከአንድ መዝገብ ማስወጣት ልጁን ያለ ተከራካሪ ማስቀረት ነውና።

ጉዳዩ ለገጠማቸው ሰዎች

በልጅ ላይ የወሲብ ጥቃት መድረሱ እንደታወቀ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕክምና ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ብቻ ስለሆነ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አደገኛ ነው። ልጁን ከምርመራው በፊት አያጥቡ፤ ልብሱንም ሳያጥቡ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያሉ የአንድ መስኮት ማዕከላት ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ ስለሚያገናኙ ልጁ ታሪኩን በየቢሮው እንዳይደግም ያግዛሉ።

ልጅ ተይዞብዎት ከሆነ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ውጤቱን ወይም ዕድሜውን የሚያሳይ ማናቸውንም ወረቀት ይዘው ወደ ጣቢያው ይሂዱ፤ ዕድሜው በመዝገብ እንዲጻፍ፣ ከአዋቂዎች እንዲለይና ወዲያውኑ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይጠይቁ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎት ይህንኑ ለዳኛው በቃል መናገር ይበቃል፤ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እስኪያገኙ አይጠብቁ። ጠበቃ ሲያቆሙ የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳይዎት መጠየቅ ነውር አይደለም። ውሉ ላይ ደንበኛ ሆኖ የሚጻፈው የልጁ ስም መሆኑን፣ እርስዎ የሚፈርሙት በሞግዚትነት መሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ።